የቶንሲል ሐኪሟ የ«ዶክተር ቆዩ» የሕይወት ታሪክ

ዛሬ የምንሸኛቸው፣ ባልደረቦቻቸውም ታካሚዎቻቸውም «ዶክተር ቆዩ» እያሉ ይጠሯቸው የነበሩት የአንገት በላይ ሐኪም፣ ከቧንቧ ሠራተኛ አባታቸውና የሆስፒታል አንሶላና ጋውን ይሰፉ ከነበሩት እናታቸው በ1941 ዓ.ም. ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው የሠራተኞች ሰፈር ተወለዱ። ከአራት ልጆች ሁለተኛ ናቸው። ቤታቸው ባለ ሁለት ክፍል ነበር። በአንደኛው ክፍል የእናታቸው የስፌት መኪና ቆሞ፣ በሌላው የአባታቸው የቧንቧ መፍቻዎች ከትንሹ እስከ ትልቁ በግድግዳው ላይ ተሰልፈው ነበር። አባታቸው ብዙ አይናገሩም። ጎረቤት «ቧንቧዬ ይጮኻል» ብሎ ሲጠራቸው ሄደው ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው ያዳምጡና፣ «ያፈሳል ወይስ ይጮኻል ብቻ?» ብለው ይጠይቃሉ። የሚጮኽ ብቻ ከሆነ መፍቻቸውን ከቦርሳ ሳያወጡ ይመለሳሉ። «ለጮኸ ሁሉ ግድግዳ አይፈረስም» ይሉ ነበር።

ዶክተሯ ስምንት ዓመት ሲሆናቸው ታላቅ ወንድማቸው በቶንሲል ሕመም ይመላለስ ጀመር። በዚያን ጊዜ የአንድ ልጅ ቶንሲል እንዲወጣ ከተወሰነ የወንድሞቹና የእኅቶቹም እግረ መንገዱን አብሮ እንዲወጣ ማድረግ የተለመደ ነበር። አራቱም ልጆች በአንድ ቀን ወደ ሆስፒታል ተወሰዱ። ዶክተሯ በዚያን ዕለት ጠዋት ትኩሳት ስለተገኘባቸው «በሚቀጥለው ወር ትምጣ» ተብለው ተመለሱ። የሦስቱ ወጣ። ከሦስቱ ታናሹ ወንድማቸው ቤት ከገባ በኋላ ደሙ አልቆም ብሎት ተመልሶ ተወስዶ በጭንቅ ተረፈ፤ ዛሬ በመካከላችን ይገኛሉ። ከዚህ በኋላ አባታቸው ስለሚቀጥለው ወር አላነሡም፤ እናታቸውም አላስታወሱም።

ውጤቱን ዶክተሯ በኋላ ዘመናቸው ደጋግመው ይናገሩት ነበር። አራቱም ልጆች ጉሮሯቸውን መታመማቸውን ቀጠሉ፤ አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት ዓመት ሲሆናቸው ደግሞ አራቱንም ተዋቸው። «የቤታችን ማነጻጸሪያ እኔ ነበርኩ» ይሉና ሰው ሲስቅ፣ «ከአራት ልጆች ግን ምንም መደምደም አይቻልም» ብለው ይጨምሩ ነበር። ይህችን ሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር ሳይጨምሩ ታሪኩን የተናገሩበት ጊዜ አይታወስም።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት አጠናቀው በ1959 ዓ.ም. የሕክምና ትምህርት ጀመሩ። በ1966 ዓ.ም. ተመረቁ። የመጀመሪያ ጋውናቸውን የሰፉላቸው እናታቸው ነበሩ። እጅጌው ከጣታቸው አልፎ ይወርድ ነበር። «ረዘመ እኮ» ሲሏቸው፣ «ታድጊበታለሽ» አሏቸው። ሃያ አምስት ዓመታቸው ነበር። የአንገት በላይ ሕክምናን መርጠው ሊቀጥሉ መሆኑን ሲናገሩ አባታቸው፣ «አንቺ ደግሞ ካንገት በላይ ተናግረሽ ታውቂያለሽ?» አሏቸው። አባታቸው ቀለዱ ተብሎ በቤተሰቡ የሚታወስ ይህ ብቻ ነው።

በ1968 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር የሆኑትን ባለቤታቸውን አገቡ። የተዋወቁት መምህሩ ጆሯቸውን ሲያጸዱ ጥጥ ውስጥ ቀርቶባቸው ለማስወጣት በመጡ ጊዜ ነው። መምህሩ እፍረታቸውን ለመሸፈን ያህል፣ «እንደኔ ያለ ሰው በሳምንት ስንት ይመጣል?» ብለው ጠየቁ። ዶክተሯም፣ «የሚመጣውን አውቃለሁ። ጥጡን ይዞ ቤቱ የሚቀረውን ነው የማላውቀው» ብለው መለሱ። መምህሩ «ያገባኋት ለዚህ መልስ ነው» ይላሉ። በ1970 ዓ.ም. ሴት ልጃቸውን፣ በ1973 ዓ.ም. ወንድ ልጃቸውን ወለዱ።

በትልቁ የመንግሥት ሆስፒታል የአንገት በላይ ክፍል ሥራ ሲጀምሩ ክፍሉን ይመሩ የነበሩት፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚሏቸው አንጋፋ ሐኪም ነበሩ። ረቡዕ የቶንሲል ቀን ነበር። ከኦፕራሲዮን ክፍሉ ፊት ለፊት ባለው ኮሪደር፣ ቀለሙ በተላጠ ረጅም አግዳሚ ላይ፣ ከኋላቸው የሚታሰር ጋውን የለበሱ ልጆች እንደ ትምህርት ቤት ሰልፍ በቁመት ተደርድረው ይቀመጣሉ። የመጀመሪያው ሲገባ የቀሩት አንድ ቦታ ይጠጋሉ። ጋሼ እጃቸው ፈጣን ነበር። «ቶንሲል ማውጣት የበሰለ ፍሬ መልቀም ነው። ዋናው ቅርንጫፉን አለመስበር ነው» ይሏቸው ነበር። ዶክተሯ ቅርንጫፍ ባለመስበር ከመምህራቸው በለጡ። እሳቸው የሠሩለት ልጅ ደም ፈሶት የሚመለሰው ከስንት አንዴ ስለነበር፣ የሐኪሞች ልጆች ሳይቀሩ ወረፋ የሚይዙት በእሳቸው ነበር።

የሕይወታቸው ጥያቄ የመጣው ከአንድ ብልሽት ነው። የማደንዘዣ መስጫው መሣሪያ ተበላሽቶ ቀጠሮው ተደጋግሞ የተሰረዘበት አንድ ልጅ ከአንድ ዓመት በኋላ ከእናቱ ጋር መጣ። ዶክተሯ ይቅርታ ጠይቀው ቀን ሊሰጡ ሲሉ እናትየዋ፣ «ኧረ የመጣነው ለእሱ አይደለም፤ አፍንጫው ውስጥ ባቄላ ከቶ ነው። ጉሮሮውን ካመመው ዓመት ሆነው» አለቻቸው። ባቄላውን አወጡና ወደ ጋሼ ቢሮ ሄዱ።

«ጋሼ፣ ያወጣንላቸው ሁሉ ተሽሏቸዋል» አሏቸው።

«ታዲያ ደስ አይልሽም?»

«ያላወጣንላቸው የት እንዳሉ ማን ያውቃል?»

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ የሌለ ሰው አይታከምም» አሉ።

ነገሩ ግን ከዶክተሯ አልወጣም። በዚያን ጊዜ በእጃቸው ቶንሲላቸው የወጣላቸው ልጆች በሺህ የሚቆጠሩ ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ የትኞቹ ቢተዉ ይሻላቸው እንደነበር አያውቁም። ሁሉም አስፈልጓቸው ነበር? ወይስ በራሱ ጊዜ የሚያልፈውን ሕመም እሳቸው በቢላ ቀድመውት ነበር? ከዚህ በኋላ የኖሩት ይህን አንድ ጥያቄ በማያጠራጥር መንገድ ለመመለስ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የመጀመሪያውን ጥናት በ1984 ዓ.ም. ጀመሩ። አሠራሩ ቀላል ነበር። ጉሮሯቸውን ደጋግሞ የሚያማቸው ልጆች፣ ወላጆቻቸው ከፈቀዱ፣ በዕጣ ለሁለት ይከፈላሉ፤ የግማሾቹ ቶንሲል ወዲያው ይወጣል፣ ግማሾቹ እየታዩ ይቆያሉ። ዕጣ ያስፈለገው ሐኪም ልቡ የራራለትን ወይም ደስ ያለውን እየመረጠ አንዱን ወገን እንዳያበላሽ ነው። ዕጣውን ያዘጋጁት ባለቤታቸው ነበሩ። በምግብ ጠረጴዛቸው ላይ «ይውጣ» እና «ይቆይ» የሚሉ ወረቀቶችን በዘፈቀደ ቅደም ተከተል ፖስታ ውስጥ እየከተቱ አሸጉ። ፖስታዎቹን ለምዝገባ ክፍሉ ነርስ አስረከቡ። ነርሷ በዕድሜ ዶክተሯን ይበልጣሉ፤ ዶክተሯ «እትዬ» ይሏቸዋል፤ ልጆቻቸው ሲወለዱ መጀመሪያ ያቀፏቸውም እሳቸው ናቸው።

ጥናቱ ሰባት ዓመት ፈጀ። ውጤቱ ሲደመር የወጣላቸው ልጆች እጅግ ተሽሏቸው ተገኘ። ጋሼ ጡረታ የሚወጡበት ዓመት ስለነበር በባለሙያዎች ጉባኤ ላይ ሊቀርብ ተወሰነ። የዶክተሯ የፕሮፌሰርነት ማዕረግም በዚሁ ጽሑፍ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ጽሑፉ ከመላኩ በፊት ባለቤታቸው ልጆቹ ጥናቱ ውስጥ ሲገቡ ምን ይመስሉ እንደነበር የሚያሳየውን ሰንጠረዥ አዩ። በዕጣ የተከፈሉ ሁለት ወገኖች ሲጀመር ሊመሳሰሉ ይገባል። እነዚህ ግን አይመሳሰሉም። «ይውጣ» የደረሳቸው ልጆች ሲጀመርም ከሲታ፣ ትኩሳታምና ብዙ ጊዜ የታመሙ ነበሩ። ሕመሙ በጠናበት ጊዜ የመጣ ልጅ ደግሞ ቢወጣለትም ባይወጣለትም ከነበረበት ይሻሻላል።

«ዕጣ እንዲህ አያዝንም» አሉ መምህሩ።

ዶክተሯ በማግስቱ ጠዋት ወደ ምዝገባ ክፍሉ ሄደው በነርሷ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጠረጴዛው ከመስኮቱ ሥር ነው፤ መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ነው። ያልተከፈተ ፖስታ አንስተው መስታወቱ ላይ አስደገፉት። «ይቆይ» የሚለው ቃል ቁልጭ ብሎ ታየ። ነርሷ የዚያን ጊዜ ገቡ።

«እትዬ፣ ይሄ ይነበባል» አሏቸው።

«ጠዋት ጠዋት ይነበባል» አሉ ነርሷ። «ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ትዞራለች፣ አይታይም።»

«ያዩት ነበር?»

«ምን ላድርግ ታዲያ? አንዱ ይመጣል፣ ሲነኩት እንደ ምድጃ ይፋጃል፣ እናቱ ዓይኗ ፈሶ አልቋል። ፖስታውን ሳየው ‘ይቆይ’ ይላል። ከኋላው ደግሞ ሁለት ጊዜ ብቻ የታመመ፣ ኮሪደሩን እንደ ጥጃ የሚዘልበት ልጅ አለ። ‘ይቆይ’ውን ለዘላዩ አሳለፍኩት። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«መች ጠየቅሽኝ?»

 ፖስታዎቹን የገዙት ባለቤታቸው በኋላ ጥፋቱን በራሳቸው ላይ አደረጉ። ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ካለው የጽሕፈት መሣሪያ መደብር የገዙት ለፍቅር ደብዳቤ የሚሆን ስስ ፖስታ ነበር። ነርሷ ዛሬ እዚህ ይገኛሉ። ይህ እንዲጻፍ ሲጠየቁ፣ «ጻፉት፤ ጽድቅ መስሏት ነበር በሉ» ብለዋል።

የቀረው ጋሼን መንገር ነበር።

«ልጆቹ አልዳኑም?» አሉ ጋሼ።

«ድነዋል።»

«ታዲያ?»

«ለምን እንደዳኑ አላውቅም፣ ጋሼ።»

ጋሼ ጽሑፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ሰባት ዓመት ጠብቄ፣ የምትሸኚኝ በአላውቅም ነው?» አሉ። ይሁንና አልከለከሏቸውም። በጉባኤው ቀን ዶክተሯ ተራቸው ሲደርስ መድረኩ ላይ ወጥተው ዕጣው እንደተበላሸ፣ ውጤቱም እንደማይታመን ተናገሩ። ከአዳራሹ አንድ ሰው «ታዲያ ምን እናድርግ?» ብሎ ሲጠይቃቸው፣ «ቆዩ» አሉ፤ ወረዱም። ወጣት ሐኪሞች በዚያው ሳምንት «ዶክተር ቆዩ» አሏቸው። ሲጀመር ሽሙጥ ነበር። ማዕረጉ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ዶክተሯ ስለ ማዕረጉ በቤታቸው አንሥተው አያውቁም። ስለ ፖስታው ውፍረት ግን ያነሡ ነበር።

ሁለተኛውን ጥናት ለማስፈቀድ ስድስት ዓመት ፈጀባቸው። አንዴ ያበላሸ ሰው ሁለተኛ አይታመንም የሚሉ ነበሩ። በ1997 ዓ.ም. ተፈቀደና ከባዶ ጀመሩ። ዕድሜያቸው ሃምሳ ስድስት ነበር። መዝጋቢዋ ነርስ ይቀየሩ ተብሎ ሲጠየቁ እንቢ አሉ። «እሳቸውን ብቀይር ያው ርኅራኄ በሌላ እጅ ይመጣል። የሚቀየረው ፖስታው ነው» አሉ። አዲሱ ፖስታ ወፍራም ቡናማ ሆኖ ውስጡ በጥቁር ካርቦን ወረቀት የተሸፈነ ነበር። ባለቤታቸው እያንዳንዱን በአምፖል ፊት ፈተሹት። ሌላ ለውጥም ነበር፤ እሱ የመጣው ከነርሷ ሙግት ነው። እንቅልፍ ላይ ትንፋሹ የሚቋረጥ፣ ጉሮሮው መግል የቋጠረ፣ ወይም በጣም የተጎዳ ልጅ ዕጣ ውስጥ ሳይገባ በቀጥታ እንዲሠራለት ተደረገ። ዕጣው የሚወጣው ማንም ሐኪም በእርግጠኝነት ይህ ይሻላል ሊልላቸው ለማይችላቸው ልጆች ብቻ ሆነ። «ይኸው፣ አሁን ማየት አያስፈልገኝም» አሉ ነርሷ።

ከዚህም በላይ ዶክተሯ በራሳቸው ላይ ደንብ አወጡ። ሁለቱ ወገኖች በሥራ ሰነዱ ውስጥ «ሀ» እና «ለ» ተባሉ። «ሀ» የወጣላቸው ይሁኑ ወይም የቆዩት የሚያውቁት ዕጣውን ያዘጋጁት ባለቤታቸው ብቻ ናቸው። ባለቤታቸው ደግሞ ልጆቹ እንዴት እንደሆኑ የሚያሳየውን ሰንጠረዥ አያዩም። ዶክተሯ ሰንጠረዡን ያያሉ፤ ፊደሉ የማን እንደሆነ አያውቁም። አጋጣሚም እንዳይነግራቸው ጥናቱ ውስጥ ያለ ልጅ ጉሮሮ ማየት አቆሙ። ቀዶ ሕክምናውን ሌሎች እንዲሠሩ አደረጉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰውን አፍህን ክፈት ሲሉ የኖሩ ሐኪም፣ አፍ እንዳይከፈትባቸው መሸሽ ጀመሩ። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ አንዲት እናት አግኝታቸው፣ «ዶክተር፣ ይኸው ልጄ፤ በል አፍህን ክፈትላቸው» ስትል ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ «ደህና ነው፣ ደህና ነው፣ ይዝጋው» እያሉ ከፌርማታቸው በፊት ወረዱ። በዚያ ዘመን ወላጆች ሲጨነቁ የሚነግሯቸው ‘ቆዩ፣ እናያለን’ ስለነበር ቅጽል ስሙ ሽሙጥነቱ ቀርቶ ስም ሆነ። ስልክ የሚደውሉ እናቶች «ዶክተር ቆዩ አሉ?» ብለው ይጠይቁ ነበር።

በ2000 ዓ.ም. የሴት ልጃቸው ልጅ፣ የመጀመሪያዋ የልጅ ልጃቸው፣ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ጉሮሮዋን ደጋግሞ ያማት ጀመር። እናቷ በቀጥታ ወደ ዶክተሯ መጣች።

«እማዬ፣ ይውጣላት ወይስ ይቆይ?»

«አላውቅም።»

«አንቺ ካላወቅሽ ማን ያውቃል?»

«እስካሁን ማንም።»

«ይህን ለሌላ ሰው ልጅ በይ። ለእኔ ልጅ አያት ሁኚ።»

ዶክተሯ ሌላ ሐኪም ጋ ወስዳ ማማከር እንደምትችል፣ ካልሆነም ልጅቱ ዕጣው ውስጥ እንድትገባ መፍቀድ እንደምትችል፣ ምርጫው የእሷ እንደሆነ ነገሯት። ልጃቸው እየተቆጣችም ቢሆን ዕጣውን መረጠች። ዶክተሯ የደረሳትን እንዳይነግሯቸው ለሁሉም አስጠነቀቁ። ከዚያም ለአንድ ወር የልጃቸውን ቤት ደጅ አልረገጡም። ተሠርቶላት ከሆነ ፊቷ ይናገራል፤ ካልተሠራላትም ይናገራል። የአንዷን ካወቁ የሌሎቹን ማወቅ እንደሚያምራቸው ያውቁ ነበር። ልጃቸው ግን ይህን አልተረዳችም። «ልጄ ታማ አያቷ አልመጣችም» ብላ ለዘመድ ሁሉ ተናገረች። በመካከላቸው የነበረው ቅዝቃዜ ከአንድ ዓመት በላይ ቆየ።

ያበቃው ያለ ይቅርታና ያለ ሽማግሌ ነው። በዚያ ወር ውስጥ ዶክተሯ በየምሽቱ ስልክ እየደወሉ ልጅቱ ምን ሕልም እንዳየች፣ ምን ሥዕል እንደሣለች፣ ማን እንደሳቀባትና በማን ላይ እንደሳቀች ይጠይቁ ነበር። ልጃቸው ብዙ ቆይታ፣ ሳህን እያጠበች ሳለ፣ እነዚያ ጥያቄዎች ለተሠራላትም ላልተሠራላትም ልጅ መልሳቸው አንድ ዓይነት እንደሆነ ልብ አለች። እናቷ ሊጠይቁ የሚችሉትን ሁሉ ጠይቀው፣ መጠየቅ የማይችሉትን ብቻ ትተው ነበር። ሳህኑን አስቀምጣ ሄደች። ምን እንዳለቻቸው ሁለቱም አልተናገሩም፤ በዚያን ዕለት ግን እዚያው አደረች።

ዶክተሯ በ2001 ዓ.ም. በጡረታ ከተገለሉ በኋላም ጥናቱን ያለ ደመወዝ ቀጠሉ። የመጨረሻዎቹ ልጆች በ2003 ዓ.ም. ተመዘገቡ፤ እያንዳንዱ ልጅ ለዓመታት መታየት ስላለበት መዝጊያው 2008 ዓ.ም. ጥቅምት ሆነ። የዕለት ሥራውን በእሳቸው እጅ የሠለጠነ ወጣት ሐኪም ተረከበ።

በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሰውነታቸው ቀነሰ። ተመርምረው የቆሽት ካንሰር መሆኑ ታወቀ። የምርመራውን ፊልም ራሳቸው በመብራት ላይ አይተው ሐኪማቸውን ስንት ወር እንደቀራቸው ጠየቁት። ሐኪሙ፣ «በትክክል ለማወቅ ይከብዳል» ሲላቸው፣ «ጥሩ መልስ ነው» አሉት። ቀዶ ሕክምና እንደማይጠቅማቸው ተረድተው ቤታቸው መቆየትን መረጡ። አልጋቸው ወደ ቤታቸው የመመገቢያ ክፍል ተዛወረ፤ ከዚያ ሆነው ጠረጴዛውን፣ መስኮቱንና ገቢ ወጪውን ማየት ይችሉ ነበር።

በግንቦት ወር ወጣቱ ሐኪም እስከዚያ የተሰበሰበውን ሰንጠረዥ አመጣላቸው። በ«ሀ» እና በ«ለ» መካከል ልዩነት ነበር። የቀሩት ልጆች ጥቂት ስለሆኑ ይገለበጣል ተብሎ አይጠበቅም። ዶክተሯ ሰንጠረዡን ካዩ በኋላ ሁለት ድምዳሜ አጻፉት። አንደኛው የተሻላቸው የወጣላቸው ልጆች ከሆኑ የሚታተም ነው፤ ለማን ሊደረግ እንደሚገባና የሚያስከፍለው ሥቃይ ከጥቅሙ ጋር እንዴት እንደሚመዘን ይናገራል። ሁለተኛው የተሻላቸው የቆዩት ከሆኑ የሚታተም ነው። በዚህኛው ውስጥ እንዲህ ያሉ ልጆች ለብዙ ዓመታት ያለ ጥቅም ተቆርጠዋል የሚል ዓረፍተ ነገር አለ፤ ዶክተሯ ካነበቡት በኋላ «በዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ እጅ የተሠራላቸውን ጨምሮ» የሚል አስጨመሩበት። ሁለቱም ድምዳሜዎች በርዝመት እኩል ናቸው። ባለቤታቸው ወረቀቱን ይዘውላቸው ዶክተሯ ሁለቱንም ፈረሙ።

የማያውቁትን ነገር ለማወቅ የቀራቸው አንድ ፊደል ብቻ ነበር፤ ፊደሉን የሚያውቁት ሰው ደግሞ አጠገባቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ልጃቸው ይህን መታገሥ አልቻለችም።

«አባዬ፣ ንገራት እንጂ። ድምዳሜው ተጽፎ ተፈርሟል። አሁን ምን ይበላሻል?»

መምህሩ ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። «ልንገርሽ?»

«የመጨረሻው ልጅ ገና አልመጣም» አሉ ዶክተሯ።

«እስከ ጥቅምት ሩቅ ነው።»

«አውቃለሁ።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ከነገርከኝ አንደኛው ላይ አንድ ቃል ላለስልስ እላለሁ፣ ሌላው ላይ አንድ ቃል ላጠንክር እላለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ። ደግሞስ አንተ ግማሹን ይዘህ፣ እኔ ግማሹን ይዤ፣ በዚህ ጠረጴዛ ስንት ዓመት ራት በላን። ዛሬ ምን አስቸኮለን?»

በዚያን ጊዜ ሊጠይቋቸው መጥተው የነበሩት ነርስ ከማዕዘኑ፣ «ይቺን ሴት ቶሎ በይ የሚል ከመጣ እኔ አይደለሁም፤ የእኔ አፍ ተለጉሟል» አሉ። ዶክተሯ ሳቁ። ከዚያ በኋላ ነገሩ አልተነሣም።

ዶክተር ቆዩ ሰኔ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ገደማ፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ባሉበት፣ በስልሳ ስድስት ዓመታቸው በቤታቸው ዐረፉ።

ጥናታቸው አላለቀም። የመጨረሻው ልጅ በመጪው ጥቅምት ለመጨረሻ ጊዜ ከታየ በኋላ ባለቤታቸው የያዙትን ፊደል ለወጣቱ ሐኪም ያስረክባሉ። ከሁለቱ ድምዳሜዎች አንዱ በዶክተሯ ስም ይታተማል፤ ሌላው ይቀደዳል። የትኛው እንደሚታተም እዚህ ያልተጻፈው ዛሬ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ነው። ባለቤታቸውም ሰንጠረዡን አላዩም፤ ቀኑ ሳይደርስም አያዩም።

ዶክተሯ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት አብረዋቸው የኖሩትን ባለቤታቸውን፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ፣ ሦስት የልጅ ልጆች፣ ታናሽ እኅትና ታናሽ ወንድም፣ ከእኅት የማይለዩአቸውን ነርስ፣ እንዲሁም ጉሮሯቸውን ያዩላቸውንና ሆን ብለው ያላዩላቸውን ብዙ ልጆች ትተው አልፈዋል። ልጆቹ ዛሬ አብዛኞቹ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ከኋላ የቆሙት ብዙዎቹ እነሱ ናቸው።

በሕይወት ሳሉ ያላወቁትን አላውቅም ብለው ኖረዋል፤ ለማወቅም ከሰዓቱ በፊት አልቸኮሉም። አሁን ባሉበት ሁሉ ነገር ግልጽ ይሁንላቸው። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በዕረፍት ይቀበል፤ ለባለቤታቸው እስከ ጥቅምት፣ ለሁላችንም ከዚያ በኋላ ትዕግሥቱን ይስጠን።